የመምህር ደርሶ ካፖርት

መተማ ላይ ካፖርት የሚለብስ ማን ነው? ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ነዋ። ይህን አገሬው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው በቅርቡ ከደባርቅ ተዛውሮ ከእኔ ጋር የሚያስተምረው መምህር ደርሶ ብቻ ነበር።

ቅናሽ ሲያይ እግሩ የሚታሰር ሰው ገጥሟችኋል? ደርሶ እንደዚያ ነው። ጎንደር ካለ የቅናሽ ሱቅ፣ ስሙ የገነነ ዲዛይነር ያወጣውን የሱፍ ካፖርት ገዝቶ መጣ። ግመል እንኳ ጥላ በሚፈልግበት ቀትር ለብሶት ገበያ ወጣ።

«እግዜር ይማርህ ልጄ» አሉት ሰሊጥ ሻጯ እትዬ ጥሩ።

«ደህና ነኝ እትዬ። የዲዛይነር ልብስ ስለሆነ ነው።»

«እሱስ ይተውሃል፤ ክኒኑን ብቻ እንዳታቋርጥ።»

ደርሶ ገበሩን እየገለጠ የዲዛይነሩን ስም ለሁሉም ሲያሳይ ከረመ። በመጨረሻ ታሞ ሳይሆን ለማማር እንደለበሰው ከተማው አመነለት።

ከዚያ የእውነት ወባ ያዘው። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ሲንቀጠቀጥ «ይማርህ» ያለው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ እጅጌውን እየዳሰስኩ፣ «የኔ ልክ ይገኝ ይሆን?» አልኩት።

«ይገኛል» አለኝ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «መጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያ አድርሰኝ።»

እጄን ከእጅጌው አንስቼ ግንባሩን የነካሁት ገና ያን ጊዜ ነው።