የጋሽ ከድር እግርና የልጄ ጥናት

ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ አባት ከልጁ ቀድሞ ይመረቃል። ልጅቷ ገና ለመጀመሪያ ፈተናዋ ሳትቀመጥ እሱ ሰፈሩን ማከም ይጀምራል። እኔስ መቼ አመለጥኩ? ረድኤት ፋርማሲ ከገባች ጀምሮ የልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ቢያንስ የእኛ ብሎክ፣ ራስ ምታቱን ለእኔ ይነግራል። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መልስ አጥቼ አላውቅም።

ዘንድሮ የመመረቂያ ጥናቷ ስለ ቁስል ሆነ። የምታጠናው አልድን ብሎ የከረመ ቁስል ውስጥ ያለውን ጀርም የሚገድል መድኃኒት ነው፤ ግን ብርሃን ካልበራበት አይሠራም። ይህን እራት ላይ ነገረችኝ፤ ጠዋት ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር። ማን እንደነገራቸው መጠየቅ ያስፈልጋል?

ከሰሚዎቼ አንዱ ጋሽ ከድር ነበሩ። አብነት ሰፈር ጫማ ሲሰፉ የኖሩ፣ ስኳር ያለባቸው ጎረቤታችን ናቸው። ያን ዕለት ሰምተውኝ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ደረጃው ሥር ወንበር አውጥተው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ግራ እግራቸውን ለፀሐይ ሰጥተው አገኘኋቸው። ትንሿ ጣታቸው አጠገብ ቁስል አለ። ለካ ሐኪም ካየው ይቆርጠዋል ብለው ከዓመት በላይ ከሚስታቸው እንኳ ደብቀውት ኖረዋል! ሴቶቹ ምች ይመታዎታል ብለው ቢለምኗቸው፣ ምች የዱሮ ነው፣ ይሄ የረድኤት ጥናት ነው አሉ።

ልጄ ከትምህርት ስትመለስ ይህን አየች። መጀመሪያ ያየችው ግን እኔን ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ መድኃኒቱ ገና ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ እንዳለ፣ ሰው እንዳልነካ፣ የሚበራበትም የራሱ መብራት እንዳለው፣ ባዶ ፀሐይ ስኳር ያደነዘዘውን እግር ከማቃጠል በቀር እንደማይጠቅም አስረዳቻቸው። ጋሽ ከድር አንገታቸውን ደፉ። እግራቸውን ሊሸሽጉ ሲሉ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ያዘችው። ረጅም ጊዜ አየችው። እኔ፣ ያ ሁሉ አዋቂ፣ ለማየት አቅም አጥቼ ፊቴን አዞርኩ።

«ጋሽ ከድር፣ እኔ መድኃኒት የለኝም» አለች። «ነገ ግን አብሬዎት ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። እስኪጨርሱ ከአጠገብዎ አልነሳም።»

ሄዱ። አልተቆረጠም። ሐኪሞቹ አጠቡት፣ የሞተውን ሥጋ አነሱት፣ ስኳራቸውንም አስተካከሉ፤ ረድኤት በየቀጠሮው አብራቸው ተመላለሰች። ቁስሉን ያቆየውም ተገኘ፦ በገዛ እጃቸው የሰፉት ጠባብ ጫማ! በዚህ ማንም እንዳይስቅ፤ እኔ ቀድሜ ስቄ ተግሳጼን ቀምሻለሁ። ከወራት በኋላ ቁስሉ ሻረ። ሚስታቸው አለቀሱ። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አለቀስኩ።

ጥናቷን ያቀረበች ቀን ጋሽ ከድር ሰፊ ጫማ አድርገው መጥተው ፊት ወንበር ያዙ። ከፈታኞቹ አንዱ መድኃኒቱ በሰው ላይ ተሞክሯል ወይ ብለው ጠየቋት። በፍጹም አለች፤ ያለ ፈቃድ ሰው ላይ መሞከር ከትምህርት ያስባርራል። ይሄኔ ጋሽ ከድር ብድግ አሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወንበሩ ላይ ሰቀሉ። ያዳነችኝ ይቺ ልጅ ናት ወላሂ አሉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ፈታኙ ብዕራቸውን አስቀምጠው ምን እንደቀባቻቸው ጠየቁ።

«ምንም» አሉ ጋሽ ከድር። «እግሬን ይዛ አየችው። ከዚያ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ።»

ልጄ በጥሩ ውጤት አለፈች። ብቻ፣ ለጥንቃቄ ያህል፣ መድኃኒቱ በማንም ሰው ላይ እንዳልተሞከረ ጥናቷ ውስጥ በግልጽ እንድትጽፍ አዘዟት። ጻፈች። እኔ ደግሞ አላርፍ ብዬ ጽሑፉን ለጋሽ ከድር አነበብኩላቸው። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። ይኸው እስከዛሬ ኩርፊያቸው አልበረደም፤ ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ታዲያ እኔ ሰው አይደለሁም?» ይሉኛል።