ኢንጂነሩ፣ ካቻቪቴውና ሰማያዊው ስክሪን

ኮምፒውተር በገባበት ቤት ሁሉ አንድ ኢንጂነር አይጠፋም። የት እንደተማረ አይታወቅም፤ ማዕረጉንም የሰጠው ራሱ ነው። የአንዲት መጽሐፍ ተርጓሚ ቤተሰብ ኢንጂነር ታላቅ ወንድሟ ናቸው፤ በሥራቸው የመጋዘን ኃላፊ፣ በራሳቸው ሹመት ደግሞ የኮምፒውተር ሐኪም።

ሰሞኑን የተርጓሚዋ ኮምፒውተር ሥራ መሃል ድርግም እያለ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣ ጀመር። አንድ ገጽ ተርጉማ ሳትጨርስ ሰማያዊ፤ ሴቭ ያላደረገችውን ሁሉ ውሃ በላው። መጽሐፉን ሰኞ ካላስረከበች ሥራው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አሳታሚው ቁርጡን ነግሯታል።

«ቫይረስ ነው!» አሉ ኢንጂነሩ፣ ገና በሩን ሳያልፉ። ቫይረሱ ጸዳ፤ ሰማያዊው ተመለሰ። «አቧራ ነው!» ሳጥኑ ተፈታትቶ በእሷው የፀጉር ማድረቂያ ተነፋ፤ አቧራው ተነስቶ መዝገበ ቃላቷ ላይ ሰፈረ። ሰማያዊው ወይ ፍንክች። «እንግዲያው የዚህ ክፍል መብራት ነው!» ኮምፒውተሩ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኮሪደር ተሰደደ። ምስኪኗ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከጫማ መደርደሪያው ጎን በርጩማ ላይ ተኮራምታ ጀመረችው።

«ጋሼ፣ ባለሙያ ልጥራ?»

«እኔ ምንሽ ነኝ ታዲያ?» አሉ፣ ካቻቪቴውን ከጆሯቸው ላይ እያነሱ።

እሳቸው ያልፈቱት ብሎን የለም። ያልነኳት አንዲት ነገር ብትኖር፣ ባለፈው ወር «ጉልበት ትሁነው» ብለው ራሳቸው አምጥተው ሳጥኑ ውስጥ የሰኳት ተጨማሪ ሜሞሪ ናት። የእህታቸው እጅ ወደዚያ ከተጠጋ ይቆጣሉ። «እሷን እንዳትነኪያት! እሷ ጤነኛ ናት!»

ቅዳሜ ጠዋት ሰማያዊው ሁለት ገጽ ይዞባት ሲሄድ የተርጓሚዋ ትዕግሥት አለቀ። ሳጥኑን ከፍታ ጤነኛዋን ነቀለቻት። ኮምፒውተሩ እስከ ማታ አንዴም አልጠፋም።

ደሟ ፈላ። ዛሬስ አልምራቸውም ብላ ደወለች። ስልኩን ያነሱት የወንድሟ ሚስት ነበሩ።

«ቆይ ላቀብልልሽ፤ እዚሁ ኮምፒውተሩ ፊት ተገትሮልሻል። ያቺን ሜሞሪ ነቅሎ ለአንቺ ከሰጠ ወዲህ የኛው እስኪከፈት ልብ ያወልቃል። ምነው ስለው፣ የኛ ይዝገም፣ ሥራ ያላት እሷ ናት አለኝ።»

የተርጓሚዋ ቁጣ በረደ። ይህን ሰው እንዴት አድርገው ይጠሉታል?

«እህስ፣ ማሽኑ እንዴት ዋለ?» አሉ ኢንጂነሩ።

«አልጠፋም፣ ጋሼ።»

«አላልኩሽም? ያቺ ሜሞሪ ናት ደግፋ የያዘችው! አደራ፣ እንዳትነኪያት!»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!» አለች፣ ሜሞሪዋን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ። ነገ ከነገ ወዲያ ዘዴ ፈልጋ ትመልስላቸዋለች።

«ፕሪንተርሽስ? ባለፈው ድምፁ አላማረኝም። ነገ መጥቼ ልፍታው?»

ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም።

«ማክሰኞ ይምጡ፣ ጋሼ» አለች። መጽሐፉ የሚገባው ሰኞ ነው።