የማዳም አርሜል ሌንስ

ፓሪስ ውስጥ የጣትዎን ቀለበት አይታ ዝም የምትል አሮጊት የለችም፤ ካለችም ታማ ነው። የሰፈራችን የጌጥ ሊቅ፣ የጣት ሁሉ መርማሪ፣ ክብርት ማዳም አርሜል ደግሞ የዚህ ዘር አለቃ ናቸው። አርባ ዓመት ጌጥ ቤት ቀለበት ላይ አልማዝ ሲሰኩ ኖረው ጡረታ ወጡ። አጉሊ ሌንሳቸው ግን ጡረታ አልወጣችም፤ ከካፖርታቸው ኪስ ተለይታ አታውቅም።

«ገልብጪው እስቲ!» ይላሉ። «ፊቱ ይዋሻል፣ ጀርባው አይዋሽም።»

ዳቦ ቤት ሻጯ መልስ ስትሰጣቸው እጇን ይዘው ያስቀራሉ። ቀብር ላይ ባሏ የሞተባትን ሴት «እግዜር ያጽናሽ» ብለው እጇን ሲስሙ፣ ቀና ሳይሉ «ቀለበቱ የአሥራ ዘጠኝ መቶ አሥር ነው» አሉ። አንዲት ሙሽራ «የኔ የአሥራ ዘጠኝ መቶ ነው» ብላ ኮራችባቸው። ወይ ጉዷ!

«ልጄ፣ ያኔማ የሚቀረጸው የውሃ ተርብና ፀጉሯን የፈታች ሴት ነበር። ከዚያ ነጩ ማዕድን፣ ፕላቲኒየም መጣና አልማዙ እንደ ዳንቴል፣ ቅጠልና አበባ ሆኖ ተሠራ። ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ሲቆርጡ ጌጡም አብሮ ተቆረጠ፤ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ! ያንቺ ወፍራም ወርቅ ፕላቲኒየም የጠፋ ጊዜ የተሠራ ነው፤ የሁለተኛው ጦርነት።»

ሙሽራዋ አለቀሰች።

ስለዚህ በልጄ ክርስትና ምሳ ላይ ካፖርታቸውን ስቀበል ሌንሷን መሳቢያ ውስጥ ብደብቃት አይፈረድብኝ። እናቴ ሶላንዥ የአያቷን የክሌማንስን የእጮኝነት ቀለበት ለልጄ ልትሰጥ ነበር። በዚሁ ቀለበት ሰበብ ከእናቴ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፈችው አክስቴ ኡጌትም መጥታለች።

ቀለበቱ ሲወጣ አክስቴ አሮጌ ፎቶ ከቦርሳዋ መዘዘች። «አያታችን ከመጀመሪያው ጦርነት በፊት ስትታጭ ጣቷ ላይ የነበረው ቅጠል ቅጠል የተሠራ ነው! ይሄ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሸጠሽ ሌላ ገዝተሻል፣ አንቺ ሌባ!»

«ሳጥኗ ውስጥ ያገኘሁት ይሄንኑ ነው፣ ኡጌት» አለች እናቴ።

ማዳም አርሜል ዶሮውን ትተው ተንጠራሩ። «አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት» አሉ።

«አላልኳችሁም!» አለች አክስቴ። እናቴ አመድ መሰለች። እኔ ሴትዮዋን በመስኮት ብወረውራቸው ደስ ባለኝ።

«ቆዩ እንጂ! ገና መቼ ገለበጥነው? ሌንሴስ?»

ምን ላድርግ፣ መሳቢያውን ከፈትኩ።

«አልማዙ በእጅ የተሞረደ የድሮ ነው። ከሥሩ ደግሞ… ኑ እዩ፣ ፎቶው ላይ ያለው ቅጠል! ያኔ ሴቱ ሁሉ የድሮ ጌጡን አስፈርሶ በአዲሱ ፋሽን ያሠራ ነበር። ሠሪው አዝኖ ነው መሰለኝ፣ አንዷን ቅጠል ከታች ትቶላታል። ያስፈረሰችው አያታችሁ ራሷ ናት፣ እናንተ ሳትወለዱ!»

አክስቴ ሌንሷን ተቀብላ ቀለበቱንና ፎቶውን እያፈራረቀች ብዙ አየች። «ሶላንዥ» አለች በመጨረሻ፣ «አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው። እኔ ምን ዓይነት እህት ነኝ?»

እናቴ አቀፈቻት። «ዶሮው ቀዘቀዘ፣ ብይ» አለቻት እያለቀሰች።

ልጄ እስክታድግ ቀለበቱ በየእሑዱ ከአንዷ እህት ጣት ወደ ሌላዋ ይዞራል። ማዳም አርሜልም በየእሑዱ መጥተው፣ ገና ዛሬ እንዳዩት ሁሉ፣ ከተርቡ ጀምረው ይተርኩልናል። ዕድሜ ይስጥልኝ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ! ካፖርታቸውን ስቀበል ሌንሷን ከኪሱ አውጥቼ ሳህናቸው አጠገብ የማስቀምጠው እኔው ነኝ።