«የድሮውን!» የሚሉት ጎረቤቴ

በየኮንሰርቱ «የድሮውን! የድሮውን!» እያለ የሚያደነቁር ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው መድረክ አጠገብ አታድርሱብኝ ባይ ነበርኩ። ምን ዋጋ አለው? ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤቴ ሆኖ ተገኘ፤ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ።

የባለቤታቸውን የእትዬ አስካለን ከል ባወለቁ በሳምንቱ፣ አንድ አንጋፋ ባንድ አገሩን ሁሉ ዞሮ ቦሌ መጣና አብረን ሄድን። ሽበታሞቹ አዲሱን ዘፈን ሊጀምሩ ጊታር ከመነካካታቸው ጋሽ ታደሰ «የድሮውን!» አሉ። ሕዝቡም ተቀበላቸው። ዘፋኙ «አንድ ጊዜ ብቻ ስሙልን» ብሎ ለመነ። ማን ሊሰማው? ለጠብ እንኳ ሽማግሌ ይላካል፤ ለዘፈን ማን ይላካል? አዲሱ ቀረና የድሮው ተነሳ። ጋሽ ታደሰ ፊት ለፊታቸው ማንም ሳይኖር እስክስታውን ያስነኩት ጀመር።

ትዕግስቴ አለቀ። «ጋሼ፣ አዲሱንስ ቢሰሙት ምናለበት?»

«የድሮውን አስካለም ታውቀዋለች» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። «አዲሱን ከማን ጋር ልስማው?»

ባንዱ አዲሱን ዘፈን እንደገና ሞከረ። ጋሽ ታደሰ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፃቸው ግን ተዘግቶ ነበር።

«የድሮውን!» ብዬ ጮህኩ እኔው።