የጥይት ፍጥነት ልለካ ሄጄ መለኪያውን መታሁት

ጓዶች፣ ይህን አንብባችሁ "እሷን? አላውቃትም!" የምትሉ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅር ብያችኋለሁ።

ዛሬ የጥይት ፍጥነት መለኪያ ማሽን በጥይት መታሁ።

አዎ። ማሽኑን ራሱን!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እዚህ ሮማ ባዳንቴ ነኝ፤ ሲኞር ዳሪዮ የሚባሉ አዛውንት ቤት እየኖርኩ እሳቸውን እንከባከባለሁ። በጉልምስናቸው የአየር ጠመንጃ ተኳሽ ነበሩ። ሚስታቸውም እንደዚያው። የተዋወቁትም እዚያው ፖሊጎኖው፣ የተኩስ መለማመጃው ላይ ነው።

(ፍቅር በተኩስ ሲጀመር አስቡት! እኔ እዚህ ጋ ነው ህልም ውስጥ የገባሁት፤ እስካሁን አልወጣሁም።)

ሲኞራ ካረፉ ወዲህ የሁለቱ ጠመንጃ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር። በቅርቡ ሲኞር አወጡት፣ አሠሩት፣ አዲስ ሞላ ተገጠመለት።

ከዚያ ጭንቀት ያዛቸው። እዚህ አገር የአየር ጠመንጃ ጉልበቱ ከተወሰነ ልክ ካለፈ ልዩ ፈቃድ ይፈልጋል። የእሳቸው ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እንግዲህ አዲሱ ሞላ ጥይቱን ከልክ በላይ ካበረረው፣ ጠመንጃው ከቤት ይወጣል ማለት ነው።

"የእሷ ጉንጭ ያረፈበት እንጨት ነው" አሉኝ ሰደፉን እየዳበሱ። "እንዲወስዱብኝ አልፈልግም። ክሮኖግራፎ ፈልጊልኝ፤ ፍጥነቱን እንለካ።"

አሎራ፣ ክሮኖግራፎ! እኔ ምን አውቃለሁ? ተርሚኒ አካባቢ አንድ ሱቅ ገብቼ "ክሮኖግራፎ አለ?" ስለው የሰውየው ፊት በራ።

የእጅ ሰዓት ገዝቼ ተመለስኩ።

ቆንጆ ሰዓት! መሃሉ ላይ ትናንሽ ክቦች ያሉት። ሲኞር አገላብጠው አዩትና በትልቅ ትህትና ጠየቁኝ፦ "ጥይቱ እጁ ላይ ነው የሚያስረው?"

(ሳቁ፣ ሳቁ። ዋናው ገና ነው።)

ሰዓቱን መለስኩና ኢንተርኔት ላይ ተጣድኩ። አፈሙዝ ላይ የሚታሰር አለ። በራዳር የሚሠራ አለ። ሌላው ግን... እንዴት ልንገራችሁ! ሁለት ዓይኖች ያሉት ትንሽ ሳጥን ነው፤ በላያቸው ነጭ የፕላስቲክ ጥላ በቀጫጭን ዘንጎች ተዘርግቷል፤ ልክ እንደ ክንፍ። ጥይቷ በአንደኛው ዓይን አናት ከዚያም በሁለተኛው አናት ታልፋለች። ማሽኑ በመሃል የፈጀችውን ጊዜ ይዞ ፍጥነቷን ያወጣል። የሚያያትም በሰማዩ ብርሃን ላይ በምትጥላት ጥላ ነው።

ሰማይ የሚያይ ማሽን! ሪቪው ማን ያነባል? ወዲያው አዘዝኩት።

(ሪቪው አንብቡ።)

ዛሬ ከሮማኒና ሰፈር አለፍ ብሎ ወዳለው ፖሊጎኖ ሄድን። በመኪናው የወሰደን ዮናስ ነው፤ የተኩስ ክለቡ አሠልጣኝ። የእኛው ልጅ ነው፣ ግን ሮማ ተወልዶ ያደገ፤ አማርኛው መንገድ ላይ ጣልያንኛ ይሆንበታል። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ።

ከዚህ በላይ አልናገርም። ገብቷችኋል።

ሰማዩ ስስ ደመና ለብሷል። ጥዶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የማሽኑ ነጭ ክንፎች ብርሃን ጠጥተው ከውስጥ የሚያበሩ ይመስላሉ። ቦታው ሁሉ ያንቀላፋ ነበር፣ እኔንም ጨምሮ።

የሲኞር እጅ ይንቀጠቀጣል። "አንቺ ተኩሺልኝ" አሉ። ዮናስ ከዚህ በፊት አስተኩሶኝ ስለሚያውቅ ጠመንጃውን አስተካክሎ ሰጠኝና ከጀርባዬ ቆመ።

"ከሳጥኑ ከፍ አድርጊ፣ እሺ? በደንብ ከፍ። ካፒቶ?"

ካፒቶ አልኩ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ቃላቱን ግን አልሰማሁም።

በማነጣጠሪያው መነጽር ሳይ ሁሉም ነገር ነጭና ለስላሳ ነው። በዚያ ነጭ ውስጥ ሐይቅ ታየኝ። እሑድ ነው። እኔና ዮናስ በሐይቁ ዳር የሕፃን ጋሪ እየገፋን ነው። ልጅቷ አባቷን ነው የምትመስለው። ስሟን ማን እንበላት እያልኩ ነው...

ጧ!

አንደኛው ክንፍ ወደ ጥዶቹ በረረ። ሌላው ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ጋደም አለ። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ።



"መነጽሩ ከአፈሙዙ በላይ ነው ያለው" አለ ዮናስ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። "ዓይንሽ መንገዱን ክፍት ያያል፤ አፈሙዙ ግን... ድሪቶ፣ ቀጥታ ማለቴ፣ ሳጥኑን ነው የሚያየው።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር!  የሥራ ኮንትራቴ ሲቋረጥ ታየኝ። ሲኞር ግን ጎንበስ ብለው ከተሰባበረው ፕላስቲክ አንዷን አነሱና ብርሃን ላይ ያዟት።

"ይቅርታ ሲኞር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

"ሚስቴ በመጀመሪያ ቀኗ" አሉ ፕላስቲኳን እያዩ፣ "የአሠልጣኟን ቴርሞስ ነው የመታችው።"

"እና አሠልጣኙ ምን አላቸው?" አልኩ።

"ምን እላታለሁ? ሌላ ቴርሞስ ገዛሁ።"

ከዚያ ሳቁ። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም፤ ማሳል እስኪጀምሩ። ዮናስም ሳቀ፣ ዓይኖቹ ጠፉ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ዮናስ ከክለቡ ቁም ሳጥን ያረጀ ክሮኖግራፍ አመጣ። (ነበራቸው! ቀድሞ መጠየቅ ይቻል ነበር!) አሁን ግን ሲኞር ጠመንጃውን ከእጄ ወሰዱ። አፈሙዙን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈን፣ እኔ ትከሻቸውን ያዝኩ። ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ፣ ያቺው ቦታ ላይ፣ አሳረፉ። መንቀጥቀጡ ቆመ ልበላችሁ? አልቆመም። ግን ተኮሱ፤ ጥይቷም በሁለቱ ዓይኖች አናት ንጹሕ ሆና አለፈች።

ዮናስ ፍጥነቱን ከጥይቷ ክብደት ጋር አሰላ። 

"ከልክ በታች ነው ሲኞር። ቤትዎ ይቀመጣል።"

ሽማግሌው ሰደፉን ሳሙት። እኔ ወደ ጥዶቹ ዞርኩ፤ አንዳንድ ነገር ትክ ተብሎ አይታይም።

ስንወጣ ዮናስ ጠጋ አለኝ።

"ስልክ ቁጥርሽን ትሰጪኛለሽ?"

ጓዶች!!! ድምፄን አለስልሼ፣ ቀስ እያልኩ፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሐይቁ እንደገና ታየኝ። ጋሪው። ልጅቷ።

ጽፎ ጨረሰና "ግራዚዬ" አለኝ። "ለአሲኩራሲዮኔ... ለኢንሹራንሱ ነው። ክለቡ ውስጥ ዕቃ ሲሰበር የሰበረው ሰው ቁጥር ይያዛል።"

ቫ ቤኔ፣ ይሁን።

ለማንኛውም ዛሬ ስልኬን ሳይለንት አላደርግም። ኢንሹራንሱን ብናፍቀውና ቢደውልስ?