ሽማግሌ ሳይልኩ ገመቹን የጠየቁት ሰዎች

እኔ ወፍራም ሰው ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ፣ የኛ ሰፈር ሰው በሙቀት አልቆ ቋንጣ መስሏል። የናዝሬት ፀሐይ ሥጋ አታስቀምጥም። እናም በር ሲገባ በሩን የሚሞላ ሰው ሳይ ዓይኔ ይጠግባል። ጎረቤቴ አስካለ ግን ስለ ልጇ ይህን እንዳልናገር ከልክላኛለች። ዓይንሽን አንሺለት ትለኛለች። እሷ እኮ ጴንጤ ናት፤ ቡዳ የሚባል ነገር የለም ብላ ለሰፈሩ የምታስተምር እሷ ናት። ታዲያ ከሌለ ምን ያስፈራሻል ብላት፣ ለማንኛውም አለችኝ።

ልጇ ገመቹ ይባላል። እዚሁ እፊታችን ነው ያደገው። ልጅ ሆኖ ኳስ ሲጫወቱ በረኛ ያደርጉት ነበር። ኳስ መያዝ ስለሚችል መሰላችሁ? ጎሉን ስለሚሸፍን ነው። አባቱ በዲቪ አሜሪካ ገባና ቆይቶ ልጁን ወሰደው። አስካለ የጨርቅ ሱቄን ትቼ የትም አልሄድም ብላ ቀረች። ልጁም እዚያ ኮሌጅ ገባ፣ በላ፣ አደገ። ዘንድሮ ሁዳዴ ሊፈታ ትንሽ ሲቀረው ሲመጣ ብታዩት፣ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ባጃጁ ወደ አንድ ጎን ይሰግዳል። ከመናኸሪያ ያመጣው ባለባጃጅ የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀው አሉ። እሱም አመስግኖ ከፈለ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው።

ሥራው ምንድነው? ኳስ ተጫዋች ነው። ነው ግን የእነሱ እግር ኳስ በእጅ ነው። ኳሷም ክብ አይደለችም፣ ፓፓያ ነው የምትመስለው። ይሁን፣ የሰው አገር ነው። ግን ደግሞ ገመቹ ፓፓያዋን አይነካም። ዓመቱን ሙሉ ቢጫወት አይነካም። የሱ ሥራ ኳስ ወርዋሪው ፊት ቆሞ የሚመጡበትን ሰዎች ማገድ ነው። የሚመጡት ደግሞ ፍሬን እንደበጠሰ የጭነት መኪና ነው። ቪዲዮውን አሳይቶኛል። ኳስ ወርዋሪው ወርውሮ ሲያበቃ ሕዝቡ ለወርዋሪው ያጨበጭባል። የኛ ልጅ ከሥር ተጨፍልቆ ይነሳና አቧራውን ያራግፋል። አስካለ መጀመሪያ ስትሰማ አልቅሳለች። ልጄን አሜሪካ የሰደድኩት ዘበኛ እንዲሆን ነው ወይ ብላ።

እንግዲህ ኮሌጁ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር እንዲህ ነው፣ እሱ ራሱ እንዳስረዳኝ። ደመወዝ የሚከፍሉት ትልልቆቹ ክለቦች በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰቡና ተራ በተራ ከኮሌጅ የጨረሱ ልጆችን ይመርጣሉ። ተራው የደረሰው ክለብ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ሰዓቱ ሲያልቅ አለቀ። የተመረጠ ሰው ሆነ ማለት ነው። ያልተመረጠ ደግሞ እንደ ቀን ሠራተኛ በየበሩ ቆሞ ሞክሩኝ ይላል።

የገመቹስ ነገር? እዚያ ይህን ብቻ እያወሩ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። እኔ በነጻ የምሠራውን እነሱ ይከፈሉበታል። ስለ ልጁ ያሉትን አንብቦልኛል። ተራራ ነው፣ እግሩ ቀልጣፋ ነው፣ ጉልበቱ አያልቅም፣ ግን ይሉኝታ ያበዛል። እነሱ ይሉኝታ የሚለውን ቃል ከየት ያውቁታል፣ ነገሩ ግን እሱ ነው። የጣለውን ሰው እጁን ይዞ ያነሳዋል አሉ። ክፋት ይጎድለዋል አሉ። ስለዚህ ሊመረጥም ላይመረጥም ይችላል። የወሎዋ ዘይነባ፣ ባለሱቋ ጎረቤታችን፣ ይህን ስትሰማ መዳፏን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቀረች። ጨዋነት እንደ ጉድለት የሚቆጠርበት አገር ምኑ ይናፍቃል አለች። ይህን ያለችው ግን የሁለት ሰው ሩዝ በፍየል ሥጋ ለገመቹ እያወረደችለት ነው። ክብደቱ እንዳይቀንስ ነዋ። እኔ ጾመኛዋ ሽሮና ድንች፣ እሷ ሥጋ፣ አስካለ እንቁላልና ወተት እያልን ሦስታችን ተባብረን አቆየነው። የበላውን ቆጥረን እናውቃለን ማለት ይቻላል።

የአስካለ ጭንቀት ግን ከሁላችንም የባሰ ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? ሁሉ ነገሯ ያ ልጅ ነው። እሱም ወሬው ሲመጣ እናቴ አጠገብ ልሁን ብሎ ነው ባሕር ተሻግሮ የመጣው። እዚያ ጉዳዩን የሚይዝለት ኤጀንት አለው፤ ምን ዓይነት ሰው በዚህ ሰዓት አፍሪካ ይሄዳል ብሎ ተቆጥቶታል።

ምርጫው ሦስት ቀን ነው። ሁለቱን ቀን እኛ ተኝተን አሳለፍነው፣ የኛ ሌሊት የእነሱ ምሽት ነውና። ስሙም አልተጠራም። ሦስተኛው ቀን ግን የሚጀምረው በኛ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለሆሳዕና ዋዜማ። አስካለ ግቢ ኒም ዛፉ ሥር ወንበር ደረደርን። የእድር ወንበር ነው፣ ለቅሶ መስሏቸው የመጡም ነበሩ። መምጣታቸው ካልቀረ ተቀመጡ አልናቸው። ገመቹ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኘ። ስልኩንም መሐል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የሚመርጠው ክለብ አስቀድሞ ይደውላልና።

አሁን ጋሽ ዱጉማን ላስተዋውቃችሁ። የአስካለ ታላቅ ወንድም ናቸው። ገመቹ ኤሱማ ነው የሚላቸው፣ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ከባቱ እስከ ሻሸመኔ ሲያስታርቁና ሲድሩ የኖሩ። ድሮ ከፈረንጆች ጋር መንገድ ሥራ ላይ ሹፌር ስለነበሩ እንግሊዝኛም ይሞክራሉ። ያን ምሽት ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ። በዚያ ሙቀት። ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ሳያቸው አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ፣ አልዋሽም። ያ ካፖርት የሚለበሰው ሽምግልና ሲኖር ብቻ ነው።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ።

ገመቹ እጁን ከመዘርጋቱ ጋሽ ዱጉማ አነሱት። ልጁ ኤሱማ ስጡኝ አለ ቀስ ብሎ። ተቀመጥ አሉት በእጃቸው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ከሽማግሌ እጅ ስልክ ይነጠቃል? አይነጠቅም። ገመቹም አልነጠቀም። ቁጭ አለ፣ የፕላስቲኩ ወንበር እግሩ ተፈራቀቀ። የደወለው የክለቡ አሰልጣኝ ነበር። ጋሽ ዱጉማም በዚያች እንግሊዝኛቸው ሰላምታ ጀመሩ። እንደምን አመሻችሁ። ቤተሰብ ደህና? ልጆች? ከብቱ? እናንተ ዘንድ ዝናብ ጣለ ወይ? ቴሌቪዥኑ ላይ የክለቡ ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል። ገመቹ ላቡ በአገጩ ይወርዳል። ሰውየው እንደምንም ሰላምታውን አልፎ ገመቹን ልንወስደው እንፈልጋለን፣ ዝግጁ ነው ወይ አለ። በኋላ ነው የተተረጎመልን።

ጋሽ ዱጉማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኛ አገር ልጅ ሲጠየቅ በመጀመሪያው ቀን እሺ ይባላል? እናንተው ንገሩኝ። እሺ የተባለ እንደሆነ ልጅቱ ምን ነውር ቢኖርባት ነው አይባልም? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ እንደ ደንቡ መለሱ። ጥያቄያችሁን ሰምተናል። አክብራችሁ ስለጠየቃችሁ እናመሰግናለን። ከዘመድ ጋር ተመካክረን መልስ እንሰጣለን፣ በሳምንቱ ደውሉ አሏቸው። ብለውም ስልኩን ዘጉት።

 ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዓቱ አለቀና የሌላ ልጅ ስም ወጣ። የዚያ ልጅ እናት በደስታ ስትዘል አሳዩን። አስካለ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች። ዘይነባ የልጁን ሳህን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። አሁን ለቅሶ መስሏቸው የመጡት ሰዎች ቦታቸውን አገኙ።

ወዲያው ኤጀንቱ ደወለ። ይህን ገመቹ ራሱ አነሳው። የሰውየው ጩኸት ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። ገመቹ አጎቴ ነው፣ አጎቴ ነው ይላል። ሲጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መለሰና ለናቱ አስረዳት። ኤጀንቱ ለክለቡ ሁሉንም ሊያስረዳ ነው። ክለቡ ቆይቶ ሌላ ተራ አለው። ምናልባት ያኔ። ምናልባት ደግሞ ልጁ አልፈለገንም ብለው ይተውታል። ይህን ሁሉ ሲናገር ጋሽ ዱጉማን ቀና ብሎ አላያቸውም፣ እንዳያፍሩ። እንዲያውም ምንም አይደለም ኤሱማ አላቸው። እሳቸው ምን ሊያፍሩ። ይደውላሉ አሉ፣ ውኃቸውን እየጠጡ። ሽማግሌ አንዴ መጥቶ ይቀራል?

አስካለ ሻርፗን ከፊቷ አነሳች። ልጄ፣ አለችው፣ ዛሬ እንኳ፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ይሉኝታህን ተውልኝ።

ተራው እስኪመጣ ያለው ጊዜ ለኔ ከሁዳዴ ረዘመብኝ። ሦስት ሰዓት አለፍ እንዳለ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ዱጉማ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ያን ጊዜ ገመቹ ከወንበሩ እንዴት እንደተነሳ አላየሁም። ሳየው እሳቸው ፊት ነው። ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ እጁን ከፍቶ ቆሟል። በቀኝ ሊያልፉ ሲሉ በቀኝ አለ። በግራ ሲዞሩ በግራ አለ። ያ ሁሉ ሥጋ እንደ ጥላ ነው የሚንሸራተተው። እጁን አልጫነባቸውም፣ አልገፋቸውም። ዞር በል አንተ ልጅ ይላሉ፣ ይቅርታ ኤሱማ ይላል። በከዘራው ሊያልፉ ሞከሩ፣ ይቅርታ ኤሱማ። በየእርምጃው ይቅርታ እያለ አንዲት ስንዝር አላሳለፋቸውም። ለካ ሥራው ይሄ ነው። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ አሳይቶኝ ያልገባኝ፣ ኒሙ ሥር ገባኝ።

ከጀርባው አስካለ ስልኩን አነሳች። እንግሊዝኛ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ቃል ነው። የስ አለች። ሰውየው አንድ ነገር ጠየቀ፣ የስ አለች። ሌላ ጠየቀ፣ የስ፣ የስ። ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ የገመቹ ስም ወጣ፣ ያውም ከነ አባቱ ስም። አስካለ ሃሌ ሉያ፣ ዘይነባ አልሐምዱሊላህ፣ እኔ እልልል። ለቅሶ የመጡት ሰዎች ጭብጨባ። ገመቹ ጋሽ ዱጉማን ከመሬት ብድግ አድርጎ አቅፎ ጉልበታቸውን ሳመ። እንዴት ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳደረገው አትጠይቁኝ።

ጋሽ ዱጉማ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ካፖርታቸውን አስተካከሉ። አያችሁ ወይ አሉን። ተመልሰው መጡ። መጀመሪያ እሺ ብንል ኖሮ ልጃችንን ያራክሱት ነበር። ሰፈሩም ልክ ነው ብሎ አጨበጨበላቸው። ገመቹ ግን ወደኔ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ በኋላ የተመረጠ ሰው ደመወዙ ከፊተኛው ያንሳል፣ ለኤሱማ ግን እንዳትነግሪያቸው አለኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም፣ እናንተ ግን ሩቅ ናችሁ።

ከዚያ ወዲህ የጋሽ ዱጉማ ዝና ለጉድ ነው። ሥራ ያመለከተ ልጅ ያለው ሁሉ እሳቸውን ያማክራል። እኔም ትምህርት ወስጃለሁ። ባለፈው ሳምንት ከዱከም ከአንድ ፋብሪካ ለልጄ ለሰናይት ተደወለ። ሒሳብ ሠራተኛ ፈልገው ነው፣ ሰኞ ጀምሪ ሊሏት። እሷ ልብስ እያጠበች ነበርና እኔ አነሳሁት። ቤተሰባቸውን ጠየቅኋቸው። ጥያቄያችሁን ሰምተናል፣ ተመካክረን መልስ እንሰጣለን አልኳቸው። እስካሁን አልደወሉም። ጋሽ ዱጉማን ብጠይቃቸው ይደውላሉ አሉኝ፣ እኔም እየጠበቅሁ ነው። ሰናይት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንት ቤት እንኳ ስትገባ ስልኳን ይዛ ነው የምትገባው።