የአሳማ ሹም ሥልጣን

(ቨርሞንት፣ አንዲት ትንሽ መንደር። ያመለጡ አሳማዎችን የሚይዝ «የአሳማ ሹም» ለመሾም ሲከራከር የዋለው ዓመታዊው የነዋሪዎች ስብሰባ ለምሳ ተቋርጧል። የሊማን አሳማ ፐርል አምልጣ የአዳራሹ ወጥ ቤት ገብታ የምሳውን የፖም ኬክ ጠራርጋ በላች፤ አሁን ገና ተያዘች። ጎረቤቱ ሃርላን በገመድ እየጎተታት፣ ሊማን እያለከለከ ተከትሏቸው ወጡ።)

ሊማን፦ ገመዱን ልቀቅ አልኩህ!

ሃርላን፦ አለቅም። አሥራ አንድ ኬክ ነው የበላችው። ስድስቱ የሚስቴ ነው።

ሊማን፦ እኔ ጠዋት ሙሉ ስለ አገር ስከራከር፣ አንተ ስለ ኬክ!

ሃርላን፦ ስለ አገር ነበር እንዴ? እኔ ስለ አሳማ ሹም መስሎኝ።

ሊማን፦ ወይ አለማወቅ! ይቺ አገር ስትቆረቆር አባቶች ምን ላይ ነበር የተጣሉት?

ሃርላን፦ አሳማ ላይ?

ሊማን፦ ሥልጣን ላይ! ግማሹ «ሹም ካልተገደበ ንጉሥ ይሆንብናል» አለ። ግማሹ «ጠንካራ ሹም ከሌለ ሥራ አይሠራም» አለ። ዛሬም ዋሽንግተን የሚነታረኩት በዚሁ ነው።

ሃርላን፦ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት? ምሳ አይወጡም?

ሊማን፦ ለዚህ ነው እኔ ያስወሰንኩት! የአሳማ ሹም ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ይፈርዳል፣ ያሻውን ያርዳል፣ ያሻውን ይምራል። ይግባኝ የለም!

ሃርላን፦ ይከብዳል።

ሊማን፦ (በሹክሹክታ) ሞኝ! ማን የሚሾም መሰለህ? እኔ ነኛ! በተሾምኩ በደቂቃው ፐርልን እምራታለሁ።

ሃርላን፦ ራስህን ልትምር ነዋ።

ሊማን፦ እሷን! ምርጫው ከምሳ በኋላ ነው።

ሃርላን፦ ተመረጠ እኮ። አንተ እሷን ልታባርር ስትወጣ ሰብሳቢዋ «እጅ አውጡ» አለች፣ ሁሉም አወጣ።

ሊማን፦ በሌለሁበት መረጡኝ? (ኮሌታውን ያስተካክላል) ሕዝብ እኮ ያውቃል!

ሃርላን፦ አንተንማ የጠራህ የለም። እኔን ነው።

ሊማን፦ አንተን? የገዛ ቤቱ በር የሚጠፋበትን?

ሃርላን፦ እኔም እንደዚያ አልኳቸው። «ግድ የለም፣ ሊማን ሁሉን አስቦልሃል» አሉኝ።

ሊማን፦ ይግባኝ!

ሃርላን፦ የለም አልክ።

ሊማን፦ አባቶች እኮ «ሥልጣን ይከፋፈል» ብለዋል! ሹም በራሱ ጉዳይ አይፈርድም! የተበላው ያንተው ኬክ ነው!

ሃርላን፦ ጠዋት ይሄንኑ ስጠይቅህ «ቁጭ በል፣ አይገባህም» አላልከኝም?

ሊማን፦ ጠዋት ሌላ ነበር! ሃርላንዬ... ወንድሜ... ምን ልታደርጋት ነው?

(ፐርል የሃርላንን ጫማ ትልሳለች።)

ሃርላን፦ ሴቶቹ ድስት ጥደዋል። ሚስቴ ቢላዋ ይዛ ቆማለች። እኔ ግን... እንጃ ሊማን። ከልካይ የሌለው ሰው ሆኜ አላውቅማ። ምን እንደማደርግ አላውቅም።